በድምፃዊ፣ በስልት ወይስ በስሜት? ለኪስ ማጫወቻ የሚሆን የፎልደር አደረጃጀት ንጽጽር

ዘፈኖቹን ላደራጅ ብሎ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፎልደር ስም ነው። በድምፃዊ ላድርገው? በስልት ልከፋፍለው? ወይስ «ለስፖርት»፣ «ለእንቅልፍ» እያልኩ ላስቀምጠው? ጥያቄው ደህና ነው፤ ግን ቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ማጫወቻችሁ ዘፈኑን የሚፈልገው በምን በኩል ነው? አንዳንዱ ፎልደርና የፋይል ስም ብቻ ያያል። አንዳንዱ ደግሞ ፎልደሩን ዞር ብሎም አያየውም፤ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ፣ ማለትም ታጉን ብቻ ነው የሚያነበው። ይህን ሳያጣሩ ቀኑን ሙሉ ፎልደር ሲያስተካክሉ ቢውሉ ልፋቱ መና ሊቀር ይችላል።

መጀመሪያ ማጫወቻውን ፈትኑት

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ዘፈን ውሰዱና የፋይሉን ስም «ቴስት» በሉት። ለጊዜው በላቲን ፊደል ጻፉት፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እናያለን። ታጉን አትንኩት። ከዚያ ማጫወቻው ላይ ጭናችሁ ክፈቱት። ስክሪኑ ላይ «ቴስት» ብቻ ከታየ ማጫወቻው የሚያውቀው የፋይል ስም ነው። የዘፈኑንና የድምፃዊውን ስም ካወጣ ታግ ያነባል። ሜኑው ላይ «ፎልደር» የሚልም «አርቲስት» የሚልም ምርጫ ካለ ሁለቱንም መንገድ ይችላል ማለት ነው።

ስክሪን የሌላቸው ትንንሽ ማጫወቻዎች፣ ፍላሽ የሚሰካባቸው ስፒከሮችና ብዙ የመኪና ቴፖች የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ለእነሱ ፎልደሩ ሁሉ ነገር ነው። በሌላው ጫፍ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2022 ሲሸጥ የኖረው አይፖድ አለ። አይፖድ ዘፈኑን ከኮምፒውተር ሲቀበል እናንተ የሠራችሁትን ፎልደር ይዞ አይሄድም። ፋይሎቹን «ኤፍ00»፣ «ኤፍ01» እያለ በሰየማቸው ስውር ፎልደሮች ውስጥ ይበትናቸዋል፤ ስማቸውንም ትርጉም በሌላቸው አራት ፊደላት ይቀይረዋል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ዝርዝር በሙሉ ከታግ በተሠራ ዳታቤዝ የመጣ ነው። ስለዚህ አይፖድ ላላቸው ሰዎች የፎልደር ጭቅጭቅ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው የሚያበቃው።

መሀል ላይ ያሉት ሁለቱንም የሚያሠሩ ናቸው። የስልክ ማጫወቻ አፖች፣ ለድምፅ ጥራት ተብለው የሚሠሩ ውድ ማጫወቻዎች፣ እንዲሁም በአሮጌ ማጫወቻዎች ላይ የሚጫነው ሮክቦክስ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር እዚህ ይመደባሉ። ከታች የማነጻጽራቸው አማራጮች በዋናነት የሚጠቅሙት ለፎልደር ማጫወቻና ለእነዚህ ባለሁለት መንገዶች ነው።

ሁሉንም አንድ ላይ መጫን

ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። ሁልጊዜ በሹፍል (ማጫወቻው ራሱ እያቀላቀለ) የሚሰማ፣ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዘፈን ብቻ የሚይዝ ሰው ፎልደር ምን ያደርግለታል? ጭኖ መሄድ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ ሲጨምር ነው። ከቆንጆ አደረጃጀት ጋር የማይገናኝ ቴክኒካዊ ምክንያትም አለው። 2 ጊጋባይትና ከዚያ በታች የሆኑ ሚሞሪ ካርዶች በተለምዶ ፋት16 በሚባለው ዘዴ ነው ፎርማት የሚደረጉት። በዚህ ዘዴ የካርዱ የመጀመሪያ ገጽ፣ ማለትም ከማንኛውም ፎልደር ውጭ ያለው ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ 512 መስመር ብቻ ነው ያለው። ረጅም የፋይል ስም ደግሞ ከአንድ መስመር በላይ ይወስዳል፤ ለእያንዳንዱ 13 ፊደል አንድ መስመር፣ በዚያ ላይ ለአጭሩ ስም ሌላ አንድ። ስሙ 26 ፊደል የሆነ ዘፈን ሦስት መስመር ይበላል። በዚህ ስሌት 170 ገደማ ዘፈን ሲገባ ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» ይላችኋል፤ ካርዱ ግማሹ ባዶ ሆኖ እያለ። መፍትሔው አንድ ፎልደር ከፍቶ ሁሉንም ወደዚያ ማስገባት ነው። ገደቡ ያለው ገጹ ላይ እንጂ ፎልደሮች ውስጥ አይደለም።

በድምፃዊ፣ ከዚያ በአልበም

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ይህ ነው፤ ያለምክንያትም አይደለም። ድምፃዊ ትከፍታላችሁ፣ አልበሙን ትመርጣላችሁ፣ ዘፈኖቹ በተራ ይመጣሉ። ሰው ዘፈን ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ትዝ የሚለው የድምፃዊው ስም ስለሆነ አደረጃጀቱ ከአፈላለጋችን ጋር ይሄዳል። የአልበሙን ዓመት ከስሙ ፊት ካስቀደማችሁ ደግሞ የአንድ ድምፃዊ ሥራዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በወጡበት ቅደም ተከተል ይደረደራሉ።

ውጣ ውረዱ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች አብረው የዘፈኑት የት ይግባ? በዋናው ድምፃዊ ስር። የተጋባዡን ስም ከዘፈኑ ርዕስ ጎን ጻፉት እንጂ አዲስ ፎልደር አትክፈቱለት። አለበለዚያ አንድ አንድ ዘፈን የያዙ ደርዘን ፎልደሮች ታተርፋላችሁ። የብዙ ድምፃውያን ስብስብ የሆኑ አልበሞች «ስብስብ» የሚባል የራሳቸው ፎልደር ይኑራቸው። ነጠላ ዜማዎችስ? በየድምፃዊው ፎልደር ውስጥ «ነጠላ» የሚል አንድ ፎልደር ይበቃል። ከአንድ ድምፃዊ ያላችሁ አንድ ዘፈን ብቻ ከሆነ ግን እሱንም ተዉት፤ የእንዲህ ዓይነቶቹን ሁሉ በአንድ የጋራ «ነጠላ» ፎልደር ሰብስቧቸው።

በአማርኛ ስም ለሚሰይም ሰው ሌላ ጣጣ አለ፤ የፊደል አጻጻፍ። ዛሬ በጸሎቱ «ጸ» የጻፋችሁትን ስም ነገ በፀሐዩ «ፀ» ብትጽፉት ለእናንተ ያው ሰው ነው። ለማጫወቻው ግን ሁለት ድምፃዊ ነው። «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ» እንዲሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ጎን ለጎን እንኳ አይቀመጡም፤ ኮምፒውተር የሚደረድረው በፊደል ገበታው ቅደም ተከተል ስለሆነ በ«ሀ» እና በ«ሐ» መካከል የ«ለ» ቤት በሙሉ ይገባል። በላቲን ፊደል መጻፍም አያድንም፤ አንድን የአማርኛ ስም በላቲን በሦስት በአራት መልክ መጻፍ ይቻላልና። የሚሻለው አንዱን አጻጻፍ መርጦ መጽናት ነው። የድምፃውያኑን ስም አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ አስፍሩና አዲስ ዘፈን ሲመጣ ከዚያ ኮፒ አድርጉ። ስልቹ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ግን ይሠራል።

የአባት ስም አስቀድሞ መጻፍ የሚለውን የፈረንጆች ልማድ ለአማርኛ ስም አትሞክሩት። ድምፃዊ የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ የምንፈልገውም በዚያው ነው።

ግዕዝ ወይስ ላቲን የሚለውን ማጫወቻው ይወስንላችኋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ) ውስጥ ስለገባ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ችግር የለም። ትንንሾቹ ማጫወቻዎች ግን ብዙዎቹ ፎንቱ የላቸውም። ስሙ በባዶ ሳጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ይተካል። መቶ አልበም ሰይማችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት በአንድ ፋይል ሞክሩት። ሳጥን ከመጣ በላቲን ከመጻፍ ውጭ ምርጫ የላችሁም።

ሁለት ደረጃ ወይስ አንድ?

ባለሁለት ደረጃው «ድምፃዊ» ከዚያ «አልበም» ነው። ባለአንዱ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ስም አጣምሮ «ድምፃዊ - አልበም» ይላል። ጥሩ ስክሪን ላለው ማጫወቻ ሁለት ደረጃው ያሸንፋል፤ ዝርዝሩ አጭር ይሆናል። ስክሪን ለሌለው፣ «ቀጣይ ፎልደር» የሚል በተን ብቻ ላለው ግን አንድ ደረጃው ይበልጣል። እንዲህ ዓይነቶቹ ማጫወቻዎች ፎልደር ውስጥ ያለ ፎልደር ሲገጥማቸው አንዳንዶቹ ይዘሉታል፤ አንዳንዶቹ ባዶ ነው ብለው ይቆማሉ። ሦስትና አራት ደረጃ መሥራት ለማንም አይጠቅምም። በተን ሲጫኑ ዘፈኑ ያልቃል።

በሙዚቃ ስልት

እዚህ ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ አልወደውም። ስልት አከራካሪ ነገር ነው። አንድ አልበም ውስጥ አንዱ ዘፈን ሬጌ፣ ሌላው ባላድ፣ ሦስተኛው መሀል ላይ ሊሆን ይችላል። አልበሙን ልትከፋፍሉት ነው? ካልከፋፈላችሁት ስሙ ውሸት ይሆናል፤ ከከፋፈላችሁት አልበሙ ይጠፋል። ከሦስት ወር በኋላ ዘፈኑን ስትፈልጉ ደግሞ «ያኔ ጃዝ ነው ያልኩት ወይስ ፋንክ?» ብላችሁ ራሳችሁን መጠየቃችሁ አይቀርም።

የሚጠቅመው ክፍፍሉ ሰፊና የማያከራክር ሲሆን ብቻ ነው። ዘፈንና መዝሙርን መለየት ያስኬዳል። መሣሪያ ብቻ የሆነውን መለየትም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን ሙዚቃንና ንግግርን ለያዩ። ፖድካስት፣ የተቀዳ ትምህርት፣ የድምፅ መጽሐፍ ከዘፈን ጋር ከተቀላቀለ በሹፍል ስትሰሙ የመጽሐፉ ምዕራፍ 7 ከጭፈራ ዘፈን ቀጥሎ ይመጣባችኋል።

በስሜትና በጊዜ

«ለሩጫ»፣ «ለሥራ»፣ «ለሌሊት»። አሰማማችንን በትክክል የሚከተለው ይህ ነው፤ ችግሩ አንድ ዘፈን ከአንድ በላይ ቦታ ማስፈለጉ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሾርትከት ሠርቶ ማለፍ ይቻላል፤ ማጫወቻ ላይ ግን አይሠራም። የካርዱ አደረጃጀት ሾርትከትን እንደ ዘፈን አያውቀውም። ስለዚህ ያላችሁ ሁለት መንገድ ነው፤ ፋይሉን ደጋግሞ መገልበጥ ወይም ፕሌይሊስት መሥራት።

ፕሌይሊስት ዘፈን የለበትም። የትኛው ፋይል የት እንዳለ በመስመር በመስመር የሚናገር ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። የተለመደው ዓይነት ኤም3ዩ ይባላል፤ የግዕዝ ስም ካላችሁ ግን ኤም3ዩ8 የሚባለውን ምረጡ፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ስለሚጻፍ ፊደላችንን ይይዛል። ስትሠሩት አድራሻው ከካርዱ ውስጥ የሚነሳ ይሁን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የድራይቭ ፊደል ይዞ ከሄደ ማጫወቻው ላይ አንዱም ዘፈን አይከፈትም። «ፕሌይሊስቴ ባዶ ሆነ» ለሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ማጫወቻው ፕሌይሊስት የማያነብ ከሆነ ደጋግሞ መገልበጥን አትፍሩ። በከፍተኛው የኤምፒ3 ጥራት፣ በሴኮንድ 320 ኪሎቢት፣ አራት ደቂቃ ዘፈን 9.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ128 ኪሎቢት ደግሞ 4 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። 32 ጊጋባይት ካርድ በከፍተኛው ጥራት ከ3,000 በላይ ዘፈን ይይዛል። ከእነሱ ውስጥ ሃምሳዎቹ ሁለቴ ቢቀመጡ ማን ይጎዳል? ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዋናው ክምችት ውስጥ አትድገሟቸው፤ ድግግሞሹ ካርዱ ላይ ብቻ ይሁን።

በገባበት ቀን

ወር በወር ፎልደር መክፈት ለዋና አደረጃጀት አይሆንም፤ ከዓመት በኋላ የትኛው ዘፈን በየትኛው ወር እንደገባ ማን ያስታውሳል። ነገር ግን «አዲስ» የሚል አንድ ፎልደር ድንቅ ነገር ነው። አዲስ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይረፍ። ሰምታችሁ ከወደዳችሁት ስሙንና ታጉን አስተካክላችሁ ወደ ቦታው ውሰዱት፤ ካልወደዳችሁት አጥፉት።

ታግ፣ ከፎልደር በፊት የሚመጣው ሥራ

ፎልደር ከታግ ጋር የሚፎካከር አማራጭ ይመስላል። አይደለም። ታጉ በትክክል ከተሞላ ፎልደር በፈለጋችሁት ጊዜ የሚፈርስና የሚሠራ ነገር ይሆናል። ኤምፒ3ታግ የሚባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ታጉን አንብቦ የሺህ ፋይል ስምና ፎልደር በአንድ ትእዛዝ ያስተካክላል። ተቃራኒውንም ይሠራል፤ ስማቸው የተስተካከለ ፋይሎች ካሏችሁ ከስሙ ታግ ያወጣል። ሙዚክብሬንዝ ፒካርድ ደግሞ ድምፁን ራሱን መርምሮ ዘፈኑ ምን እንደሆነ ሊለይ ይሞክራል። የሚያመሳክረው ግን በጎ ፈቃደኞች በሞሉት ዳታቤዝ ስለሆነ ብዙም ያልታወቀ አልበም ላያገኝ ይችላል። ያኔ በእጅ መሙላት ነው።

የትኞቹን ክፍሎች ልሙላ ካላችሁ አምስት ይበቃሉ፤ የዘፈን ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ አልበም፣ ተራ ቁጥርና «የአልበም ድምፃዊ»። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ተጋባዥ ያለበት አልበም ማጫወቻው ላይ አምስት ቦታ ተበጣጥሶ የሚመጣው እሱ ባዶ ስለሆነ ነው። በሁሉም ዘፈን ላይ የዋናውን ድምፃዊ ስም እዚያ ክፍል ውስጥ ጻፉት፤ አልበሙ ይገጣጠማል።

ታግ የሚጻፍበት ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የኤምፒ3 ታግ አይዲ3 ይባላል። የመጀመሪያው፣ አይዲ3 ቁጥር 1፣ ፋይሉ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ 128 ባይት ብቻ ነው፤ ለርዕስ 30 ፊደል ሰጥቶ ቀሪውን ይቆርጠዋል። ለግዕዝ አይሆንም። 2.3 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1999፣ 2.4 ደግሞ በ2000 ወጡ። አዲሱ ይሻላል ብላችሁ ወደ 2.4 አትሩጡ። ብዙ ማጫወቻዎች በደንብ የሚያነቡት 2.3ን ነው፤ በዩቲኤፍ-16 ከተጻፈ ግዕዝም ይይዛል። ፍላክ ፋይል (ጥራቱ ሳይቀንስ የሚታመቅ የድምፅ ፋይል) ላላቸው ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ የእሱ ታግ ከመነሻው ዩቲኤፍ-8 ነው።

ዘፈኖቹ ተራቸውን ሲያጡ

ፎልደሩ ተስተካክሎም ዘፈኖቹ ተዘበራርቀው የሚመጡበት ጊዜ አለ። አንደኛው ምክንያት ቁጥር ነው። 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ከጻፋችሁ ብዙ ማጫወቻ 1፣ 10፣ 11፣ 2 ብሎ ይደረድራል። 01፣ 02 በሉ፤ አለቀ።

ሁለተኛው ምክንያት የማይታይ ስለሆነ ሰው ያደክማል። ቀላል ማጫወቻዎች ፊደልም ቁጥርም አያዩም፤ የሚያጫውቱት ፋይሎቹ ካርዱ ላይ በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስታዩት የተደረደረ የሚመስላችሁ ኮምፒውተሩ ራሱ ለእናንተ ስለሚደረድረው ነው። 05 ቀድሞ ተገልብጦ ከሆነ ማጫወቻው ላይም 05 ይቀድማል። ሁለት መላ አለ። አንደኛው ካርዱን ፎርማት አድርጎ አልበሞቹን አንድ በአንድ፣ በተራ መገልበጥ። ሁለተኛው የምዝገባውን ቅደም ተከተል የሚያስተካክል ፕሮግራም፤ ለዊንዶውስ ድራይቭሶርት፣ ለሊኑክስና ለማክ ፋትሶርት አሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አንድ ዘፈን በጨመራችሁ ቁጥር ፎርማት ማድረግ አያዋጣም።

ማክ ለሚጠቀሙ አንድ ነገር ላክል። ማክ ወደ ካርዱ ሲገለብጥ ስማቸው በነጥብና በታች ሰረዝ («._») የሚጀምር ስውር ፋይሎችን አብሮ ይጥላል። ማጫወቻው እንደ ዘፈን ይቆጥራቸዋል፤ ሲከፍታቸው ግን ድምፅ የለም። ተርሚናል በሚባለው የማክ የትእዛዝ መስኮት ላይ ዶት ክሊን (dot_clean) የሚባለው ትእዛዝ ያጸዳቸዋል።

የካርዱን ዓይነትም እዩ። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑት ኤክስፋት በሚባለው ዘዴ ፎርማት ተደርገው ነው የሚመጡት፤ የቆየ ማጫወቻ ላያነባቸው ይችላል። የአልበም ሽፋን ምስል 500 በ500 ፒክስል የሆነ ተራ ጄፔግ ይሁን፤ «ፕሮግረሲቭ» የሚባለውን ዓይነት ብዙ ማጫወቻ አያሳይም።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

ስክሪን የሌለው ማጫወቻ ወይም የመኪና ቴፕ ከሆነ፤ ባለአንድ ደረጃ «ድምፃዊ - አልበም»፣ ዘፈኖቹ በ01፣ 02 ተቆጥረው፣ ምዝገባው ተስተካክሎ። ከዚያ ላይ የምትወዷቸውን የያዙ አንድ ወይም ሁለት የስሜት ፎልደሮች ጨምሩ።

ስክሪን ያለውና ሁለቱንም የሚያነብ ከሆነ፤ ባለሁለት ደረጃ ድምፃዊና አልበም፣ የተሞላ ታግ፣ ስሜቱን ደግሞ በፕሌይሊስት። ታግ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ስለ ፎልደር አትጨነቁ፤ ጊዜያችሁን ታጉ ላይ አጥፉ። አልበም የሚባል ነገር የማትሰሙ፣ ነጠላ ዜማ ብቻ የምትሰበስቡ ከሆናችሁ ግን የአልበም ፎልደር ሸክም ነው፤ በድምፃዊ ብቻ ከፍላችሁ «ድምፃዊ - ርዕስ» ብላችሁ ሰይሙ።

የቱንም ብትመርጡ ሥራውን ካርዱ ላይ አትሥሩት። ዋናው ክምችት ኮምፒውተሩ ላይ ይደራጅ፤ ካርዱ ቅጂ ይሁን። ካርድ ይጠፋል፣ ይበላሻል፣ ሰው ተውሶት ይቀራል። ሁሉንም ከመገልበጣችሁ በፊትም ሦስት አልበም ብቻ ጭናችሁ ሞክሩ፤ አንዱ ተራ አልበም፣ አንዱ ስብስብ፣ አንዱ የግዕዝ ስም ያለው ይሁን። ሦስቱ በትክክል ከመጡ ቀሪውን ጫኑት።